ለከርሞ የተተወው

በጳጉሜን ቀናት፣ የመንዝ ከተማ በሆነችው መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ምርጡ አውራ በግ ነው። በጣርማ በር ታጥፎ፣ መዘዞንና ሞላሌን አልፎ የመጣ ነጋዴ ዓይኑ የሚያርፈው ደረቱ በሰፋ፣ ላቱ በከበደ፣ ከእኩዮቹ ቀድሞ በደረሰ ጠቦት ላይ ነው። ወገቡን በመዳፉ ይጫነዋል፣ ላቱን ከሥር ያነሣል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። ባለቤቱ በርኖሱን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና በክረምት መውጫም ረፋዱ ያንቀጠቅጣል፤ ጉሙም ቶሎ አይነሣም። ዋጋው ሲቆረጥ ብሩ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ በጉ አይሱዙው ላይ ይጫናል፤ ሰውዬው ባዶ ገመዱን ይዞ ወደ ደብተር ሻጩ ይሄዳል።

ያ ብር ብዙ ቀዳዳ ይጠብቀዋል። የማዳበሪያ ዕዳ አለ፤ የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም አለ፤ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ለሚወርደው ልጅ መሳፈሪያ ያስፈልጋል፤ ለቅዱስ ዮሐንስም ቤቱ ቡናና ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ በጳጉሜን ምሽት፣ ምድጃው ዙሪያ፣ ባልና ሚስት የሚማከሩት የትኛው ይሸጥ፣ የትኛው ይቅር በሚለው ላይ ነው። ምርጡ ቢሸጥ የሁሉም ነገር ዋጋ ይሸፈናል። ምርጡ ቢቀር ደግሞ የሚመጣው ዓመት ግልገሎች አባት ይኖራቸዋል። የመንዝ ሰው ከአዲሱ ዓመት ምን እንደሚጠብቅ ማወቅ የፈለገ፣ ምን እንደሚመኝ ከመጠየቁ በፊት ምን ሳይሸጥና ሳይበላ እንዳቆየ ቢጠይቅ የሚሻል ይመስለኛል። ከአስቸጋሪ ዓመት ማግስት ምኞት በአፍ ቀላል ነው፤ ማቆየት ግን ከጉሮሮ ነጥቆ ነው።

የመንዝ በግ በቁመቱ ትንሽ ነው። ጠጉሩ ረጅም፣ ላቱ ወፍራም፣ ብርዱንና የግጦሹን መሳሳት የሚችል ጠንካራ ፍጥረት ነው። ጠጉሩን ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ በርኖሱ፣ ባናውና ዝተቱ ከዚያ ይወጣል። ሰብሉ በውርጭና በበረዶ እጅ በሚወድቅበት በዚህ ደጋ፣ ገበሬው በቸገረው ቀን ወደ ብር የሚለውጠው ነገር ቢኖር በግ ነው። የእንስሳት እርባታ ተመራማሪዎች ወደ መንዝ መንደሮች በገቡ ጊዜ ያስተዋሉት ችግርም ከዚሁ የመነጨ ነበር። ቶሎ የሚያድገው ጠቦት ለገበያ ቀድሞ ስለሚደርስ ዘሩን ሳይተካ ይሸጣል። ለርቢ የሚቀረው ገዢ ያልፈለገው ቀጫጫው ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ መንጋው ከትውልድ ወደ ትውልድ ከደካማው ይወለዳል ማለት ነው፤ ማንም አስቦበት ሳይሆን፣ በየዓመቱ በዓል ሲደርስ የሚመጣው ችግር ስለሚያስገድድ ብቻ።

ቀደም ባሉት ዓመታት መፍትሔ ተደርጎ የታሰበው የውጭ ዝርያ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመው የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያና ማባዣ ማዕከልም ከሌሎች አገሮች የመጡ ዝርያዎችን፣ በኋላም አዋሲ የሚባለውን በግ ከአገሬው ጋር ሲያዳቅል ኖሯል። በ2001 ዓ.ም. ግን የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢካርዳ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከልና ከሌሎች አጋሮች ጋር ሆኖ በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ መንደሮች ሌላ መንገድ ጀመረ። መሠረቱ የገበሬው የራሱ በግ ነው። በመንደሩ የሚወለዱ ግልገሎች ይመዘገባሉ፣ በየዕድሜያቸው ይመዘናሉ። ጊዜው ሲደርስ ገበሬዎቹ ጠቦቶቻቸውን አንድ ቦታ ሰብስበው የትኛው ለዘር እንደሚቀር ራሳቸው ይመርጣሉ። ተመራማሪው የክብደቱን መዝገብ ይዞ ይቀርባል፤ ገበሬው ደግሞ የመዝገቡን ቁጥር ከዓይኑ ጋር ያስታርቃል፤ የላቱን ቅርጽ፣ የመልኩን ዓይነት፣ የእናቲቱን ጠባይ ያያል። የተመረጠው አውራ ለመንደሩ በጎች በጋራ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል ወይም ይሸጣል።

ከሥራው ሁሉ የሚከብደው ሚዛኑም መዝገቡም አይደለም። እጁ ላይ ሳንቲም የሌለው አባወራ፣ ልጁ ደብተር እየጠበቀ፣ ምርጡን በግ ለመንደሩ ሲል እንዲያቆይ መጠየቁ ነው። ለዚህም ነው የአርቢዎቹ ማኅበራት ተዘዋዋሪ ገንዘብ ያስፈለጋቸው፤ ባለቤቱ ዋጋውን ከጋራው ካዝና ያገኛል፣ በጉም ከመንደሩ አይወጣም። በድህነት ውስጥ ያለን ሰው ነገን አስብ ብሎ መምከር ማንም ይችላል፤ ዛሬውን ሳያጎድሉበት ነገን እንዲያቆይ ማገዝ ግን እውነተኛ ወዳጅነት ነው። ከአዲስ አበባ ለእንቁጣጣሽ ጥቂት ብር የሚልክ የመንዝ ልጅ ይህን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ብሩን ሲልክ እናቱን የሚለምናት ምንድን ነው? በጉን እንዳትሸጥበት ነው።

የከተማ ሰው አዲስ ዓመትን ከአደይ አበባና ከጥጋብ ጋር ያያይዘዋል። በደጋው መንዝ መስከረም የጎተራው ወለል የሚታይበት ወር ነው። በሰኔ የተዘራው የመኸር ገብስ ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። እስከዚያው የባቄላ እሸት የደረሰለት በእሸቱ ይደጎማል። በመካከል ደግሞ ጥቅምት አለ፤ ከጥቅምት ጋር ውርጭ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ባረፈበት ሌሊት መሬቱ የቀኑን ሙቀት ይለቃል፤ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ቁልቁል ፈስሶ ጎድጓዳው ማሳ ላይ ይተኛል። ገና ወተት የያዘው የገብስ ፍሬ ያን ሌሊት አያልፍም። ገበሬው በማግስቱ ማሳው ዳር ቆሞ ዘለላውን በጣቱ ሲጫነው ውስጡ ባዶ ነው። እንግዲህ መስከረም 1 ቀን ላይ ቆሞ ዓመቱ መልካም ነው ብሎ ለመናገር የሚደፍር የመንዝ ገበሬ የለም። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ለእሸት ያድርሰን፣ የከርሞ ሰው ይበለን የሚሉት ይህን አውቀው ነው።

በልግ በደንብ የዘነበ ዓመት፣ በየካቲት የተዘራው ገብስ በሐምሌ ደርሶ ክረምቱን ያሻግራል። የበልጉ ዝናብ ሲቀር ግን ቤተሰቡ በአንድ ምርት ዓመቱን ሊገፋ ነው። በ2007 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በልጉም ክረምቱም ሲከዳ፣ በ2008 በመላ አገሪቱ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። የመንዝ ወረዳዎችም የሴፍቲኔት መዝገብ የሚያውቃቸው ናቸው።

እንዲህ ባለው ጊዜ በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚከበረው የዘሩ ጎታ ነው። ለዘር የተመረጠው ገብስ ከሚበላው ይለያል፤ አፉ በጭቃ ይመረጋል፤ ልጆች እንዳይነኩት ይነገራቸዋል። ዱቄት ሲያልቅ ከጎረቤት ብድር ይጠየቃል፣ የቀኑ ምግብ ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳል፣ በግ ይሸጣል፤ ወደ ዘሩ የሚኬደው ሁሉም በር ከተዘጋ በኋላ ነው። ዘሯን የበላች ቤት በየካቲት ማሳዋን ለሌላ ሰው በእኩል ትሰጣለች ወይም ተበድራ ትዘራለች፤ ከዚያ ለመውጣት ብዙ ዓመት ይፈጃል። ተርባ ጎታውን ሳትከፍት መስከረምን የተሻገረች እናት የሠራችውን ሥራ አስባችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ስለ አዲስ ዓመት ተስፋ ሲነሣ ቀድማ የምትታየኝ እሷ ናት።

መንዝ ክፉ ዘመን ለማለፍ እንግዳ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው ጊዜ ዛሬም ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። በሰሜን በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሪቱን ከብት ከአሥር ዘጠኝ እጁን ያህል ፈጀው፤ በሬ ስለጠፋ ማሳው ጦም አደረ፤ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት ዶማ ይዘው መቆፈራቸው በታሪክ ይነገራል። ከዚያ ዘመን የተረፉት ቤቶች ጥቂት ዘርና ጥቂት ጉልበት ያቆዩት ናቸው።

የእኛ ዘመን ፈተና ደግሞ በመከር ላይ መጣ። ኅዳር 2014 ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ የሰሜኑ ጦርነት ወደ መንዝ ዘለቀ። መንግሥት መዘዞንና ሞላሌን፣ ሸዋ ሮቢትንም ጨምሮ ከሕወሓት ኃይሎች ማስለቀቁን ያስታወቀው ኅዳር 22 ቀን ነበር። አጨዳ የደረሰለት ሰብል ጦርነቱ እስኪያልፍ አይጠብቅም፤ በወቅቱ ያልተሰበሰበ ገብስ ይረግፋል። በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015፣ በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ሲፈረም ብዙ ሰው እፎይ አለ። እፎይታው አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል በተፈጠረው ሁኔታ ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ያለው ውጊያ ከዚያ ወዲህ በመጡት እንቁጣጣሾች ሁሉ ላይ አጠላ። 2017ም በዚሁ ጥላ ሥር አለፈ።

በዚህ ምክንያት በዓመቱ መጨረሻ ሰው ሁሉ ሰላም ይመኛል። ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ክብደቱን ያጣ ሊመስል ይችላል፤ ለመሐል ሜዳ ሰው ግን ሰላም የሚቆጠሩ ነገሮች ስም ነው። ጠዋት ገበያ የሄደ ማታ ቤቱ መግባቱ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት የጫነ መኪና መንገድ ላይ አለመቆሙ ነው። ደብረ ብርሃን ለሕክምና የሄደ ሰው በቀጠሮው ቀን መመለስ መቻሉ ነው። ስልክ ሲደወል መጥራቱ፣ ማዳበሪያ በወቅቱ መድረሱ፣ መምህሩ ክፍሉ ውስጥ መገኘቱ ነው። ከእነዚህ አንዱም ቅንጦት አይደለም፤ በአንዳቸውም ላይ ደግሞ ገበሬው ብቻውን ሥልጣን የለውም። ዘሩን ሊያቆይ ይችላል፤ መንገዱን ግን ብቻውን ሊያስከፍት አይችልም። ይህን የሚችሉ ሁሉ፣ ጠመንጃ የያዙም ወንበር የያዙም፣ የዚያን ገበሬ ጳጉሜን ቢያዩልኝ እላለሁ።

መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ዋለ። በቅዱስ ዮሐንስ ዕለት በየአብያተ ክርስቲያናቱ በባሕረ ሐሳብ ቀመር የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ። ዓመተ ዓለሙ 7518፤ ለአራት ሲካፈል ሁለት ይተርፋልና ዘመኑ የማርቆስ ነው። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። ጾመ ነነዌ ጥር 25፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 9፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ይውላል። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያዳምጠው ገበሬ እነዚህን ቀኖች ከራሱ ሥራ ጋር ያገጥማቸዋል፤ ጾሙ የሚገባው በልግ በሚዘራበት ሰሞን ነው፤ ለፋሲካ የሚደርሰው ሙክት ከአሁኑ ይታያል። ዓመቱ ምን ይዞ እንደሚመጣ ባይታወቅም፣ ቀኖቹ ቦታ ቦታቸውን ይዘው ሲቆሙ ሰው የሚጨብጠው ነገር ያገኛል። ባለፈው ዓመት ሐዘን የገባበት ቤትም የሚጠብቀው ቀን ያገኛል።

የግል ምኞት በዚህ አገር መልክ የሚይዘው በስለት ነው። ልጇ ከሄደበት በሰላም ከተመለሰ ጃንጥላ የምታገባ እናት አለች። ከሕመሙ ቢድን ጧፍ የሚያበራ አለ፣ ላሟ ብትወልድላት የመጀመሪያውን ቅቤ የምትሰጥ አለች። በጽዋ ማኅበርም ጽዋው ወደ ተረኛው ሲሻገር ለከርሞ ያድርሰን ይባባላሉ፤ ተረኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጠላው ጌሾና ገብስ ማሰብ ይጀምራል። ምኞቱ ከሰውዬው ላይ አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ምኞትን ከሥራ ጋር ያሰረ ባህል ስለሆነ እወደዋለሁ።

ሕዝብ በጋራ የሚያቆየውም አለ፤ ከመሐል ሜዳ ብዙ ሳይርቅ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ጓሳ አለ። ስሙን የሰጠው ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከለው ገሳ ሲያገለግል ኖሯል። በአካባቢው እንደሚተረከው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች መሬቱን ለይተው ለዘሮቻቸው አቆዩት፤ ቄሮ በሚባለው ሥርዓትም የተመረጠ አለቃ፣ አባ ቄራው፣ ጠበቀው። ሥርዓቱ ቀላል ይመስላል፤ ሲኖሩበት ግን ከባድ ነው። ጓሳው ለሦስትም፣ እስከ አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር። ማንም ሣር አያጭድም፣ ከብት አያስገባም ነበር። ሣሩ ደረሰ ሲባል ሕዝቡ ተመካክሮ ይከፍተው፣ ክረምት ሲገባ ተመልሶ ይዘጋ ነበር። ከብቱ ዓይኑ ሥር እየከሳ፣ ከድንበሩ ማዶ ግን ያልተነካ ሣር ቆሞ፣ ሦስት ዓመት የሚታገሥ ማኅበረሰብ ተስፋን በቃል ከመግለጽ አልፎ ሄዷል።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ በዘር ሐረግ ላይ የቆመው የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ። ጓሳው ለጊዜው ባለቤት ያጣ መሰለ። ነዋሪዎቹ ግን ነገሩን አልተውትም፤ ኮሚቴ አቋቁመው፣ በቀበሌዎቻቸው በኩል ጥበቃውን እንደገና አቆሙት፤ ዛሬ ጓሳ በክልሉ መንግሥት የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች ከፊሎቹ እዚያ አይጥ ያድናሉ፤ ጭላዳዎቹም ሣር ይግጣሉ። ከጓሳው የሚመነጨው ውኃ በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ በወንጭትና በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ በሐይቁ ውስጥ የመንዝ ምንጮች ድርሻም ነበረበት። የገደሉን አፋፍ ሣር ያላጨደው ገበሬ ለዚያ ግድብ ያዋጣው ከቦንድ በላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በግ፣ ዘርና ሣር ቢቆዩ ይጠቅማሉ። የማይቆይ ነገር አለ፤ የልጅ ዕድሜ። በ2017 የትምህርት ዘመን በአማራ ክልል ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። እነዚህ ልጆች በዚያው ዓመት አድገዋል፤ እረኛ ሆነዋል፣ ተድረዋል፣ ተሰደዋል። ትምህርት ቤት የቀጠሉትም ቢሆኑ ፈተናው እየጠበቃቸው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ከወሰዱት 684,205 ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ውጤቱ የተነገረው በጳጉሜን 4 ቀን ነው። የ2017ቱ በመስከረም 4 ሲነገር ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። አዲስ ዓመት የወጣቱን ቤት የሚያንኳኳው በዚህ ቁጥር ነው። ጎረቤት ችቦ ይዞ ሲጨፍር አንዱ ልጅ ስልኩን ጨብጦ ኔትወርክ ወደሚያገኝበት ጉብታ ይወጣል።

ስለዚህ ለ2018 የራሴን ምኞት ብጠየቅ የምለው ይህ ነው። ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ተዘግቶባት የቆየች ልጅ በ18 ዓመቷ 9ኛ ክፍል ለመመዝገብ መሐል ሜዳ ብትመጣ፣ አርፍደሻል እንዳትባል። የምዝገባው ቀን ካለፈ ይራዘምላት። ቀን በግ የምትጠብቅ ከሆነ የማታ ክፍል ይከፈትላት። መታወቂያዋ ወይም የ8ኛ ክፍል ካርዷ በግርግሩ ጠፍቶ ከሆነ የሚያውቋት መምህራን መስክረው ያስገቧት። ወላጆቿ በእሷ ፋንታ ታናሽ ወንድሟን ብቻ ለመላክ ካሰቡ ሽማግሌና ቄስ ቤታቸው ይሂዱ። የጎደላትን ምዕራፍ የሚያካክስ መጽሐፍና የሚያስጠናት ሰው ይፈለግላት፤ ጥር ሳይገባ፣ የሴሚስተሩ ፈተና ሳይደርስ።